ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል፤ የሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ሕይወትና ሥራ

በጤና ምርምር ሙያ የተሰማራን ሁላችን መጠይቅ ይዘን ከሰው ደጃፍ ቆመን እናውቃለን። በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት በእግሩ እንደ ተጓዘ፣ ምን ያህል ጊዜ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ እንደ ሠራ እንጠይቀዋለን። ተጠያቂው ጥቂት ያስብና አንድ ቁጥር ይነግረናል፤ እኛም እናሰፍረዋለን። ቁጥሩ ከወረቀቱ ላይ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ ግን ጠባዩ የተለወጠ ይመስላል። ከአንድ ሰው ትዝታ የወጣ ግምት መሆኑ ይረሳና፣ በሚዛን እንደ ተመዘነ ነገር ይደመራል፣ ይካፈላል፣ በሠንጠረዥም ይወጣል።

ይህ ግምት ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል? ጥያቄው ለመምህራንና ለተማሪዎች ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም። የብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት በመልሱ ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥያቄውን በቅንነትና በብልሃት ከመረመሩት ሰዎች መካከል ዋነኛው፣ ሐኪም ሳይሆኑ ለሕክምና ምርምር አዲስ መንገድ የከፈቱት እንግሊዛዊው ሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአብራሪው ሕመም

ሂል በጁላይ 8 ቀን 1897 በለንደን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሌናርድ ሂል ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሲሆኑ፣ ልጃቸው በተወለዱበት በዚያው ዓመት ከአንድ ባልደረባቸው ጋር የደም ግፊት መለኪያ ሠርተው ለሐኪሞች አስተዋውቀው ነበር። በመለካት ሥራ በተጠመደ ቤት ያደጉት ወጣት የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው ሕክምና ለመማር ቆርጠው ሳለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እሳቸውም በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል አብራሪ ሆነው ወደ ኤጂያን ባሕር ተላኩ።

ከዚያ የመለሳቸው የጠላት ጥይት ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ ነው። በዚያን ዘመን ለዚህ በሽታ የሚሆን መድኃኒት አልነበረም፤ ንጹሕ አየር፣ ዕረፍትና ተስፋ ብቻ ነበር። ወጣቱ አብራሪ ይሞታል ተብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሙሉ የአካል ጉዳት ጡረታም ተቆረጠለት። ሂል ሁለት ዓመት ያህል በሆስፒታል ተኝተው፣ ሌላ ሁለት ዓመት ያህል በማገገም አሳለፉ። ሞት አይቀርላቸውም የተባሉት ሰው ከዚያ በኋላ ከሰባ ዓመት በላይ ኖሩ። ሰው በሰው ላይ የሚሰጠው ግምት እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳየውን የመጀመሪያ ማስረጃ በገዛ ሰውነታቸው ተሸክመውት ኖረዋል ማለት ይቻላል።

የሕክምና ትምህርት ከእንግዲህ ከአቅማቸው በላይ ነበር። ስለዚህ በአልጋ ላይ እንዳሉ በተልእኮ ትምህርት ኢኮኖሚክስን አጥንተው በ1922 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አገኙ። ቀድሞ ከአባታቸው ዘንድ የሠሩት የኤፒዴሚዮሎጂ ሊቅ ሜጀር ግሪንውድ ረዷቸውና ለጤና ምርምር በተሰጠ ገንዘብ በኤሴክስ ገጠር የወጣቶች ሞት ከፍ ያለበትን ምክንያት እንዲያጠኑ ተላኩ። የስታቲስቲክስን ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከካርል ፒርሰን ትምህርት ቀሰሙ። ከዚያም የሠራተኞችን ድካምና ሕመም በሚያጠናው የመንግሥት ቦርድ ውስጥ ገብተው የአታሚዎችን፣ የላንካሺርን የጥጥ ፈታዮችና የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ጤና መረመሩ።

በእነዚህ ዓመታት የተማሩት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ከሌላው ይበልጥ ታመሙ ሲባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው በሽታው ሳይሆን መዝገቡ ነው። ማን ጻፈው? በምን ምክንያት ጻፈው? ሕመምተኛውስ ሕመሙን እንዲናገር ወይም እንዲደብቅ የሚገፋው ምንድን ነው? በ1937 በላንሴት መጽሔት በተከታታይ ያወጧቸውና ወዲያው በመጽሐፍ የታተሙት የሕክምና ስታቲስቲክስ ትምህርቶቻቸው ለትውልድ የተረፉት፣ ቀመር ስላበዙ ሳይሆን ሐኪሞች ይህን የመሰለ ጥያቄ እንዲጠይቁ ስላስተማሩ ነው።

ዓይን እንዳያዳላ

ሂል በለንደን የሐይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የግሪንውድን ወንበር ከወረሱ በኋላ ዕድል ከቀድሞ ጠላታቸው ጋር አገናኘቻቸው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አዲስ መድኃኒት የሳንባ ነቀርሳን ይፈውስ እንደ ሆነ መፈተን ነበረበት፤ በእንግሊዝ አገር የነበረው መድኃኒት ግን ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ሂል ሕመምተኞቹ በዕጣ እንዲደለደሉ አደረጉ። 55 ሰዎች መድኃኒቱን ከዕረፍት ጋር፣ 52 ሰዎች ደግሞ ዕረፍትን ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሞቱ። ውጤቱ በ1948 ታተመ።

ስለ ዚህ ሙከራ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው ዕጣው ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላው ዝርዝር አይናቅም። የሳንባውን የራጅ ፊልም ያነበቡት ሐኪሞች ፊልሙ የየትኛው ቡድን ሕመምተኛ እንደ ሆነ እንዳያውቁ ተደርጎ ነበር። ሂል የሐኪሞቹን ታማኝነት አልተጠራጠሩም። የተጠራጠሩት የሰውን ዓይን ነው፤ ተስፋ ያደረገ ዓይን ተስፋ ያደረገውን ያያልና። ይህ ጥንቃቄ በሚቀጥለው ታላቅ ሥራቸው ላይ ከዓይን ወደ ቃል ተሻገረ።

በሃያ ሆስፒታሎች የተሰበሰበ ቃል

በ1922 በእንግሊዝና በዌልስ በሳንባ ካንሰር የሞቱት ሰዎች በመዝገብ የሰፈሩት 612 ነበሩ፤ በ1947 ቁጥራቸው 9,287 ደረሰ። አንዳንዶች ጭማሪው የምርመራ መሻሻል ያመጣው ነው ሲሉ፣ ሌሎች የአስፋልት መንገድንና የመኪና ጢስን ወነጀሉ። ከሂል ጋር እንዲሠሩ የተመደቡት ወጣቱ ሐኪም ሪቻርድ ዶልም መጀመሪያ ያዘነበሉት ወደ መንገዱ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በሃያ የለንደን ሆስፒታሎች 709 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞችንና፣ በጾታና በዕድሜ የሚመሳሰሏቸውን 709 ሌሎች ሕመምተኞች አስጠየቁ። ጠያቂዎቹ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ አራት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ነበሩ። ነገሩ ሁሉ በቃል ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሰው ባለፈው ሕይወቱ ያጨሰውን የሚመዝን ሚዛን የለምና።

ችግሩ ገና ከመጀመሪያው ታየ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የማያጨስ ወንድ እንደ ብርቅ የሚታይ ስለ ነበር፣ ያጨሳሉ ወይስ አያጨሱም ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙ አይለይም። ከ649 የካንሰር ሕመምተኞች ወንዶች አጭሰው የማያውቁት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ከማነጻጸሪያዎቹም መካከል 27 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ መጠኑን መጠየቅ ግድ ሆነ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በቀን አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው አጫሽ ይባል ተብሎ ወሰን ተበጀ፤ የጀመረበትና ያቆመበት ዕድሜ፣ የለወጠውም ልክ ተመዘገበ። ሆኖም ሰው ከሃያ ዓመት በፊት በቀን ስንት እንዳጨሰ በእርግጥ ያስታውሳልን?

የሂል ታላቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ስሕተት ስላለበት ይጣል አላሉም፤ ቃሉ ብዙ ስለሆነ ይታመን አላሉም። ስሕተቱን ራሱን ለካው። ከማነጻጸሪያዎቹ ሃምሳ ሰዎች ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይተው እንደ ገና ተጠየቁ። ሁለቱ መልሶች በየሰዉ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ነገር ግን ብዙ የሚያጨሰውን ጥቂት ከሚያጨሰው ለመለየት በቂ ነበሩ።

ከዚህ የከፋው ፍርሃት ሌላ ነበር። ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ ሲያሰላስል ያጨሰውን አብዝቶ ቢናገርስ? ጠያቂዋስ የምትጠይቀው ሰው ካንሰር እንዳለበት ስለምታስብ ሳታውቀው ወደ ትልቁ ቁጥር ብትገፋውስ? እንዲህ ያለው ስሕተት በሁለቱም ወገን እኩል የሚወድቅ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ነው፤ የሌለውንም ዝምድና ሊፈጥር ይችላል። ለዚህ መልሱን ያገኙት ከሐኪሞች ስሕተት ነው። የሳንባ ካንሰር አለባቸው ተብለው ከተጠየቁት መካከል አንዳንዶቹ በኋላ ሲመረመሩ በሽታው እንደሌለባቸው ታወቀ። የእነዚህ ሰዎች የማጨስ ልማድ ሲታይ ከማነጻጸሪያዎቹ ጋር ተመሳሰለ እንጂ በእርግጥ ካንሰር ካለባቸው ጋር አልተመሳሰለም። ጠያቂዎቹ ያዘነበሉ ቢሆን ኖሮ እነዚህንም እንደ ካንሰር ሕመምተኞች ባጋነኗቸው ነበር። አንድ ስሕተት ለሌላው ስሕተት መፈተኛ ሆነ።

ጽሑፉ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1950 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ወጣ። ዶል ራሳቸው በጥናቱ ምክንያት ማጨስ አቁመው ነበር። አገሩ ግን አላቆመም።

ከሕመም በፊት የተሰጠ ቃል

ተቃዋሚዎች፣ ታሞ የተጠየቀ ሰው ቃል ሁልጊዜም አጠራጣሪ ነው ማለታቸውን አልተዉም። ሂል ክርክሩን በክርክር ከመመለስ ይልቅ የጥናቱን ቅደም ተከተል ገለበጡት፤ ጤነኞችን ጠይቆ የሚሆነውን መጠበቅ። በ1951 መጨረሻ ወደ 60,000 ለሚጠጉ የእንግሊዝ ሐኪሞች አጭር መጠይቅ ላኩ፤ ከ40,000 በላይ የሚሆኑት መለሱ። ሐኪሞች የተመረጡት ልማዳቸውን በጥንቃቄ ይገልጻሉ ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ስማቸው በሙያ መዝገብ ስለሚገኝና የሞታቸውም ምክንያት በደንብ ስለሚጣራ ነበር። የመጠይቁ አጭርነትም የታሰበበት ነው፤ ረጅም መጠይቅ ትዕግሥት ያሳጣል፣ ትዕግሥት ያጣ ሰው ደግሞ ግምቱን በችኮላ ይሞላል።

ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ፣ ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ ከሆኑት ወንዶች 789 ሞቱ፤ ከእነዚህ 36ቱ የገደላቸው የሳንባ ካንሰር ነበር። በ1954 በወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የሞቱ መጠን ከሲጋራው ብዛት ጋር እየጨመረ እንደሚሄድ ታየ። ቃሉ የተሰጠው ከሕመም በፊት ስለሆነ ሕመሙ ቃሉን ሊያጣምመው አይችልም ነበር። ይህም ቢሆን ስሕተት ጨርሶ አልጠፋም። በ1951 አጫሽ ተብሎ የተመዘገበ ሐኪም ከሦስት ዓመት በኋላ ቢያቆም መዝገቡ አሁንም አጫሽ ይለዋል። ስለዚህ ሐኪሞቹ በ1957 ቀጥሎም በየጊዜው እንደ ገና ተጠየቁ፤ ክትትሉም ከሂል ሞት በኋላ ቀጥሎ የሃምሳው ዓመት ውጤት በ2004 ታተመ።

ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ከባዱ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ነበሩ። ፊሸር ከ1950ው ጥናት አንድ እንግዳ ውጤት አንሥተው ሞገቱ፤ ጢሱን ወደ ውስጥ እንስባለን ያሉት አጫሾች ከሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች መካከል ከመቶ 62 ያህል ሲሆኑ ከማነጻጸሪያዎቹ መካከል ግን 67 ያህል ነበሩ። ሲጋራ ገዳይ ከሆነ ይህ እንዴት ይሆናል? ለመጠይቅ ሠሪ ግን ጉዳዩ ትምህርት አለው። ሲጋራ ይቈጠራል፤ ፓኮው ይገዛል፣ ያልቃል። ጢስን መሳብ ግን የጋራ መስፈርት የለውም፤ አንዱ ሳብኩ የሚለውን ሌላው እንደ መሳብ አይቈጥረውም። በአንድ መጠይቅ ውስጥ፣ በአንድ ሰው አፍ የተሰጡ ሁለት መልሶች እኩል አይታመኑም። የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ማጨስ የሳንባ ካንሰር መንሥኤ መሆኑን የተቀበለው በ1957 ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚያ በነበሩት ሰባት ዓመታት በሽታው መግደሉን አላቋረጠም ነበር።

ከሲጋራ ወደ አካል እንቅስቃሴ

ሂል በ1937 ሕመማቸውን ያጠኑት የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች በ1953 በሌላ ሰው ጥናት ዝነኞች ሆኑ። ጄሪ ሞሪስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉትን ሾፌሮች፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ጋር አነጻጽረው የልብ ሕመም ልዩነት አገኙ። የእንቅስቃሴው መለኪያ የሥራው ዓይነት ነበር፤ ቃል አላስፈለገም። በኋላ ግን የቢሮ ሠራተኞችን የዕረፍት ጊዜ እንቅስቃሴ ለማወቅ ሲነሡ፣ ያለፉትን ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳሳለፉ ሰኞ ጧት አስጻፏቸው። ትዝታው ሳይደበዝዝ ለመያዝ የተደረገ ጥረት ነው።

በኋላም የአካል እንቅስቃሴና የካንሰር ዝምድና በሰፊው ተጠና። በ2002 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንቅስቃሴ ከትልቁ አንጀትና ከጡት ካንሰር እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ አለ አለ። በ2016 የታተመ፣ የ1.44 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት ደግሞ ከ26 የካንሰር ዓይነቶች በ13ቱ ላይ በዕረፍት ጊዜያቸው ይበልጥ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ያነሰ አደጋ እንዳላቸው አሳየ። መሠረቱ ግን አሁንም ሰው ስለ ራሱ የሰጠው ቃል ነው። ይህ ቃል ምን ያህል ከእውነቱ ሊርቅ እንደሚችል ከአሜሪካ የ2003 እና 2004 ብሔራዊ ጥናት ታይቷል፤ በቃል ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉ ጎልማሶች የሚመከረውን እንቅስቃሴ እናደርጋለን ሲሉ፣ በወገብ የሚታሰር መሣሪያ ሲለካቸው ግን ከመቶ አምስት እንኳ አልሞሉም። መሣሪያውና መጠይቁ የሚለኩት ፈጽሞ አንድ ነገር ባይሆንም ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ስሕተቱ የሚያስከትለውን በምሳሌ እንይ። ብዙ የሚንቀሳቀሱና የማይንቀሳቀሱ ሁለት እኩል ቡድኖች ቢኖሩ፣ ከማይንቀሳቀሱት በተወሰነ ጊዜ 100 ሰው ሲታመም ከሚንቀሳቀሱት 80 ይታመማል እንበል። በመጠይቁ ስሕተት የየቡድኑ ሩብ ወደ ሌላው ቢገባ፣ ነጩና ቀዩ ጤፍ ተደባልቆ ሰርገኛ እንደሚሆን ሁለቱ ቡድኖች ይመሳሰላሉ፤ በመዝገባችን 95ና 85 ሆነው ይታያሉ። ሃያ በመቶ የነበረው ልዩነት ወደ አሥር በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። አሁን ደግሞ አጫሾችን እናስብ፤ ከማያጨሱት 100፣ ከሚያጨሱት 1,000 ቢታመም፣ በዚያው በሩብ ስሕተት 325ና 775 ይሆናሉ። እውነቱ በእጅጉ ተሸርሽሮም አሁንም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይታያል።

የሂል ዘመን ጥያቄና የእኛ ዘመን ጥያቄ የሚለያዩት በዚህ ነው። ሲጋራ ጉዳቱ ከፍተኛ በመሆኑ በስሕተት ጭጋግ ውስጥ እንኳ ሊሰወር አልቻለም። የእንቅስቃሴ ጥቅም ግን መጠነኛ ነው፤ ሊደበዝዝና ሊጠፋ ይችላል። ስሕተቱ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ የዋህ ሆኖ የሚያደበዝዝ ብቻ አይደለም። ወፍራም ሰው፣ የተማረ ሰው ወይም ሕመም የጀመረው ሰው ከሌላው በተለየ መንገድ አብዝቶ ወይም አሳንሶ የሚናገር ከሆነ፣ የሌለውን ያለ ሊያስመስል ይችላል። ትልቁን ነገር የፈለጉት ሂል ያን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ትንሹን የምንፈልግ እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል?

በ2015 በአገራችን በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንሥኤ ጥናትም የአካል እንቅስቃሴ የተመዘገበው በመጠይቅ ነበር። ውኃ ከምንጭ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም፣ ገበያ የምትሄድ ሴት ድካሟን በደቂቃ ቈጥራ አታውቅም፤ የምትሰጠን ደቂቃ የጥያቄያችን ፍሬ እንጂ የኑሮዋ መለኪያ አይደለም። መሣሪያ ማሰርም ብቻውን አይፈውሰንም። በብሪታንያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ከ2013 እስከ 2015 ያሰሩት የእጅ አንጓ መመዝገቢያ የሰባት ቀን እንቅስቃሴን ይይዛል፤ ካንሰር ግን የብዙ ዓመት ጉዳይ ነው። በሂል መንገድ የሚገባን ከጥቂት ሰዎች ሁለቱንም መረጃ ወስዶ፣ የስሕተቱን መጠንና አቅጣጫ ለክቶ፣ ከውጤቱ ጋር በግልጽ መጻፍ ነው።

የመጨረሻው ትምህርት

ሂል በ1954 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ፤ በ1961 የሰርነት ማዕርግ ተቀብለው በዚያው ዓመት ከማስተማር ሥራቸው ጡረታ ወጡ። በ1965 በለንደን ለሥራ ጤና ባለሙያዎች ባደረጉት ንግግር አንድ ዝምድና መንሥኤ ነው ለማለት ሊታዩ የሚገባቸውን ዘጠኝ ነጥቦች ዘረዘሩ። ብዙዎቻችን ዘጠኙን በቃላችን አጥንተናል። ከእነሱ አንዱ የመጠን ደረጃ ነው፤ መጋለጡ ሲጨምር በሽታውም ሊጨምር ይገባል የሚለው። መጠኑ በስሕተት ከተለካ ግን ደረጃው ሜዳ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ደረጃ አልታየም ብለን ከመፍረዳችን በፊት የለካንበትን መስፈሪያ መመርመር አለብን።

በዚያው ንግግር የስታቲስቲክስ ፈተና የአጋጣሚን ድርሻ ከመመዘን በቀር በአሰባሰቡ ላይ ያለውን ስሕተት እንደማይነግረን አስጠንቅቀዋል። ማንኛውም ሳይንሳዊ ሥራ ያልተሟላ መሆኑን፣ ያልተሟላ መሆኑ ግን በእጃችን ያለውን ዕውቀት ችላ ብለን ጊዜው የሚጠይቀውን እርምጃ እንድናዘገይ ፈቃድ እንደማይሆን አሳስበዋል። ይህን የተናገሩት የሰባት ዓመት መዘግየት ያስከፈለውን ዋጋ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው።

ሰር ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በኤፕሪል 18 ቀን 1991 በሰሜን እንግሊዝ በካምብሪያ በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። ለእኛ ያቆዩልን ውርስ፣ በየመጠይቃችን ኅዳግ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ጥያቄ ነው። ይህ ሰው የነገረን ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ ይችላል? ወደ የትስ ያዘነብላል? የታመመውና ጤነኛውስ በእኩል ይሳሳታሉን? ይህን ሳይጠይቅ የሚደምር ሰው ቁጥር ይሰበስብ ይሆናል፤ የጠየቀውን ሰው ግን ገና አልሰማውም።